ድምፁ የሚጣፍጥ፣ ዋጋው የማይከብድ ቲን ዊስል የቱ ነው?

ለስላሳ ድምፅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቲን ዊስል (ባለ ስድስት ቀዳዳ ትንሽ ዋሽንት መሰል መሣሪያ) ለምታውቁ ጥያቄ አለኝ።

በእጄ ያለው በዲ የተቃኘ የናስ ዊስል ነው፤ ርካሽ ከሚባሉት። ራሱ፣ ማለትም አፍ የሚገባው ጭንቅላቱ፣ ፕላስቲክ ነው፤ ከቱቦው ጋር በሙጫ ተያይዟል። መሃል ላይ ከጂ እስከ ቢ ያለው ድምፅ ደስ ይላል። ያስቸገረኝ ዳርና ዳሩ ነው። ስድስቱንም ቀዳዳ ዘግቼ የታችኛውን ዲ ስነፋ ይንቀጠቀጥና ሳላዘው ወደ ላይኛው ዲ ይዘላል። ላይኛው ኦክታቭ (ያው ድምፆች ከፍ ብለው የሚደገሙበት) ላይ ደግሞ ኤ እና ቢ ጆሮ ይበሳሉ፤ ላለዝበው ብዬ ትንፋሼን ስቀንስ ድምፁ ተሰብሮ ወደ ታች ይወድቃል።

ጥፋቱ የዊስሉ ነው ወይስ የእኔ? በምን ይለያል? ሌላ ልግዛ ብል ክፍል ውስጥ ሲነፋ የማያስጨንቅ፣ ለስላሳና ጣፋጭ ድምፅ ያለው የትኛው ነው? ናስ፣ ኒኬል፣ ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ መሆኑስ ለውጥ ያመጣል? በእጅ የሚሠሩት ውድ ዊስሎች ከአቅሜ በላይ ስለሆኑ ከርካሾቹ መካከል ንገሩኝ።

ጋሽ ቆርቆሮ፦

እህቴ፣ ሌላ ከመግዛትሽ በፊት አንድ ጥቅል ስኮች አምጪ።

ስድስቱንም ቀዳዳ በስኮቹ አንድ በአንድ ለጥፊባቸው። ዳር ዳሩን በጥፍርሽ ጀርባ አሺው፤ አየር የሚያሾልክ ክፍተት እንዳይቀር። አሁን ጣትሽን ቀዳዳዎቹ ላይ ሳታሳርፊ ቱቦውን ብቻ ይዘሽ በዝግታ ንፊ። የሚወጣው የታችኛው ዲ ነው። ጥርት ብሎ ስምንት ሰከንድ ያህል ከቆመልሽ ዊስሉ ጤነኛ ነው፤ የሚያሾልከው ጣትሽ ነው ማለት ነው። ተለጥፎም ከተንቀጠቀጠ ወይም ከዘለለ ጥፋቱ ያለው ራሱ ላይ ነው።

ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ከታች ካለው ከስድስተኛው ቀዳዳ ጀምረሽ ስኮቹን አንድ አንድ እያነሳሽ ያንን ቀዳዳ በጣትሽ ዝጊና ያንኑ ዲ ደግመሽ ንፊ። ድምፁ የተበላሸው የትኛውን ካነሳሽ በኋላ እንደሆነ ስታዪ አጥፊው ጣት ይገለጥልሻል። አብዛኛውን ጊዜ የታችኛው እጅ የቀለበት ጣት ይሆናል። ያ ጣት እስከ ስድስተኛው ቀዳዳ ለመድረስ ሲንጠራራ ጎረቤቶቹን ይዞ ይሳባል፤ አራተኛው ቀዳዳ ላይ ያለው ሌባ ጣትም እንዲሁ ሳይታወቅ በፀጉር ስፋት ይነሳል።

መፍትሔው ቀዳዳውን በጣት ጫፍ ሳይሆን በሥጋው መዝጋት ነው። ጣትሽ ጠፍጣፋ ይሁን፣ አይቆልመም። ለአሥር ሰከንድ ያህል ጫን ብለሽ ከዘጋሽ በኋላ ጣትሽን ገልብጠሽ እዪው፤ የቀዳዳው ክብ ምልክት ታትሞበታል። ክቡ ሙሉ ሆኖ የጣቱ ሥጋ መሃል ላይ ካረፈ ደህና ነው። አንድ ጎኑ ከጠፋ በዚያ በኩል አየር ይወጣል ማለት ነው። ምልክቱን ለማየት ብቻ ነው መጫን፤ ስትጫወቺ ሁልጊዜ ከጨቆንሽ ጣትሽ ይደክማል፣ ፍጥነትም ታጫለሽ።

የሚዘልበት ምክንያት ቀላል ነው። ትንሽ ሽንቁር ስትከፈት የቱቦው ሙሉ ርዝመት የሚሰጠው ዝቅተኛ ድምፅ ይዳከማል፤ አየሩ ለሁለት ተከፍሎ መርገብገብ ይቀለዋል፣ ስለዚህ ኦክታቩ ይወጣል። ከታች ካለው ዲ ይበልጥ ለሽንቁር ስስ የሆነ ድምፅ የለም። ብዙ ጀማሪ ዊስሉን የሚጥለው በዚህ የተነሳ ነው፤ ያሳዝናል።

ናስና ፕላስቲክ፦

ጋሽ ቆርቆሮ የተናገሩት መቅደም አለበት። ከዚያ በኋላም ኤ እና ቢ ከጮኹ ወደ ራሱ እንሂድ። የርካሽ ዊስል ጣዕም ዘጠኝ እጁ ያለው እዚያ ነው፤ ቱቦው ቀዳዳ ያለው ቱቦ ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

ራሱ ውስጥ አራት ነገር አለ። አንደኛው ትንፋሽ የሚያልፍበት ጠባብ ስንጥቅ ነው፤ ሁለተኛው ከስንጥቁ ሥር ያለው ውታፍ፣ ሦስተኛው ላዩ ላይ የተከፈተው መስኮት፣ አራተኛው መስኮቱ ማዶ ላይ ትንፋሹን የሚሰነጥቀው ስለት። ዊስሉን ወደ ብርሃን አቅንተሽ ከአፍ በኩል በስንጥቁ ውስጥ አሻግረሽ እዪ። ስንጥቁ ከግራ እስከ ቀኝ እኩል ከፍታ ያለው መሆን አለበት፤ ማዶ የሚታየው ስለት ደግሞ አግድም ቀጥ ያለ መስመር። እዚያ ላይ የተንጠለጠለች ቀጭን የፕላስቲክ ጭራ፣ እንደ ፀጉር ያለች፣ ብታዪ አትገረሚ። ፕላስቲኩ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ የሁለቱ ቅርጽ ግማሾች ከሚጋጠሙበት የሚተርፍ ነው። ለዓይን ምንም አትመስልም፤ ነገር ግን ትንፋሹ ስለቱ ላይ ከመድረሱ በፊት ትበጠብጠዋለች፤ ያ ብጥብጥ ላይኛው ኦክታቭ ላይ ፉት የሚል ሻካራ ጩኸት ሆኖ ይወጣል።

ጭራዋን በአዲስ ምላጭ ጥግ ነክተሽ አንሺ። ግፊት ሳይሆን ጭረት ብቻ። ስለቱን ራሱን በፍጹም እንዳትስይው፣ በብርጭቆ ወረቀትም እንዳትነኪው። አሥረኛ ሚሊ ሜትር ከዚያ ላይ ከሄደ መመለሻ የለውም።

ቀጥሎ ራሱን ማላቀቅ። ጭንቅላቱን ብቻ፣ ቱቦውን ሳይሆን፣ ሻይ በሚጠጣበት ሙቀት ልክ ባለ ውኃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ያህል ንከሪ። የፈላ ውኃ አይሁን፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ፕላስቲክ ሲሞቅ ከናስ ብዙ እጥፍ ስለሚሰፋ ሙጫው ይለቃል። ቱቦውን በጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢ፣ ራሱን አጣምሚ፤ ቀጥ አድርገሽ አትሳቢ። እምቢ ካለ ድገሚው። ፒንሳ አይነካውም፤ ቱቦው ስስ ስለሆነ ወዲያው ይጨረመታል፣ የተጨረመተ ቱቦ ደግሞ ክብነቱን አጥቶ ራሱን አይቀበልም።

ሲወጣ ራሱን ከታች በኩል ተመልከቺው። ብዙዎቹ ርካሽ ራሶች ውታፋቸው ድፍን አይደለም፤ ፕላስቲክ ለመቆጠብና ሲቀዘቅዝ እንዳይሰረጉድ ሲባል ከሥሩ ባዶ ተትቷል። ያ ጉድጓድ የራሱን ድምፅ የሚያስተጋባ ትንሽ ዋሻ ነው። በብሉ ታክ ወይም ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍበት ማንኛውም የማይደርቅ ለጥ ያለ ማጣበቂያ ሙይው። የአተር ፍሬ የምታህል ብዙውን ጊዜ ትበቃለች። በእርሳስ ጀርባ እየጠቀጠቅሽ ግፊው፤ ፊቱ ከውታፉ ጠርዝ ጋር እኩል ሆኖ እንዲያልቅ አድርጊ። በመስኮቱ በኩል አይተሽ አረጋግጪ፤ ከጠርዙ አልፎ ወደ መስኮቱ ሥር ከወጣ ድምፁ ይታፈናል፤ ወደ ስንጥቁ አፍ ከተጠጋ ደግሞ ጭራሹን ይዘጋዋል። ከጎደለም ጉድጓዱ አልጠፋም ማለት ነው።

በትክክል ከተሞላ ታችኛው ዲ ይወፍራል፤ ከታች ወደ ላይ ስትሻገሪ የምትሰማውም ጩኸት ይቀንሳል። ራሱን መልሰሽ ስትከቺ ሙጫ አትጠቀሚ። ከላላ የቧንቧ ሠራተኞችን ቴፍሎን አንድ ወይም ሁለት ዙር ጠምጥሚበት፤ በዚያ መጋጠሚያ አየር ካሾለከ ታችኛው ዲ ተመልሶ ይበላሻል።

ስድስት ቀዳዳ፦

እኔ ስለ ግዢው ልናገር። አስቀድሞ ግን የብረቱን ጉዳይ እንዝጋ። ጆን ኮልትማን እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሙከራ ከብር፣ ከመዳብና ከእንጨት የተሠሩ፣ ቅርጻቸው አንድ የሆነ ፍሉቶችን አስነፍቶ ነበር፤ ከመጋረጃ ጀርባ የሰሙት ሰዎች ሊለዩዋቸው አልቻሉም። ለዊስልም ያው ነው። ናሱና ኒኬል የተቀባው ወንድሙ የሚለያዩ ከመሰለሽ የለየሽው ራሶቻቸውን ነው። የሚያስኬደው ልዩነት የቆዳ ነው፤ ኒኬል የሚያሳክከው ሰው ናሱን ይውሰድ። ናስ ደግሞ ጣት ላይ ሽታ ይተዋል፣ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል።

ድምፁን የሚወስነው ቅርጽ ነው። ቱቦው ሲሰፋ የታችኛው ኦክታቭ ይጠነክራል፤ ላይኛው ግን ብዙ ግፊት ይፈልጋል፣ ይጮኻልም። ሲጠብ ላይኛው ይቀላል፣ ታችኛው ይሳሳል። ዲ ዊስሎች የውስጥ ስፋታቸው 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነው ለሁለቱም ማስታረቂያ ነው። ከስንጥቁ እስከ ስለቱ ያለው ርቀትም እንዲሁ፤ ካጠረ ድምፁ ቶሎ ይዘላል፣ ከረዘመ ትንፋሽ ይበላል። ዋሽንት ላይ ነፋሱን ወደ ጠርዙ የሚያነጣጥረው ከንፈር ነው፤ ቲን ዊስል ላይ ይህንን ፋብሪካው አስቀድሞ ወስኖታል። ስለዚህ ከንፈርሽ ሊያስተካክለው የማይችለውን ስትገዢ ነው መምረጥ ያለብሽ።

ክላርክ። ሮበርት ክላርክ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1843 የጀመረው ሥራ ነው። ኦሪጅናሉ ከቆርቆሮ ተጠቅልሎ የተሠራ ነው፤ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፣ ጀርባው ላይ ስፌቱ ይታያል፣ ውታፉ እንጨት ነው። ድምፁ ትንፋሽ የተቀላቀለበት፣ ጭስ ያለው ነው። ብዙ ሰው ጣፋጭ የሚለው ይህንኑ ነው። እየጠበበ መሄዱ ሁለቱን ኦክታቮች ለማስማማት ይረዳል። ዋጋው ትንፋሽ ነው፤ ብዙ ይበላል፣ ረጅም ሐረግ ለመያዝ ያስቸግራል።

ስዊቶን። ያው ክላርክ፣ ያው ሾጣጣ ቆርቆሮ፣ ግን ራሱ ፕላስቲክ። ንድፉ ላይ ዊስል ሠሪው ማይክል ኮፕላንድ ሠርቶበታል። ትንፋሽ አይጠይቅም፣ ከሳጥኑ ሲወጣ የሚነፋ ነው፤ ጫጫታው አነስተኛ ነው፣ ላይኛው ኦክታቭም በቀላሉ ይገኛል። አንቺ ለጠየቅሽው፣ ማለትም ለክፍል፣ ለለስላሳ ድምፅና ለአነስተኛ ዋጋ፣ የእኔ መልስ ይህ ነው። ሜግ የሚባለው የእርሱ ርካሽ ወንድም ነው።

ጀነሬሽን። ቀጥ ያለ ቱቦ፤ ናሱ በቀይ ራስ፣ ኒኬሉ በሰማያዊ። የድሮዎቹ አየርላንዳውያን ነፊዎች ድምፅ በአብዛኛው ከዚህ የወጣ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ትንሽ ሹል። አንዱ ከሌላው ስለሚለያይ ከተቻለ ነፍቶ መምረጥ፣ ካልተቻለ ደግሞ ናስና ፕላስቲክ የነገረሽን ጥገና መጠበቅ ነው። ጥሩው ሲገኝ ግን ከእርሱ የሚበልጥ ርካሽ አላውቅም።

ፌዶግ። አየርላንድ ውስጥ ከ1978 ጀምሮ የሚሠራ፣ አረንጓዴ ራስ ያለው። ከጀነሬሽን ወፈር ያለ፣ የታችኛው ዲ የሚያስተማምን ነው። ላይኛው ላይ ገፋ ማድረግን ይወዳል።

ዲክሰን ፕላስቲክ። ንጹሕ፣ ዝግ ያለ ድምፅ፤ የሚስተካከለው ዓይነት መጋጠሚያ ስላለው ለመቃኘት ይመቻል። ሱሳቶም ፕላስቲክ ነው፣ ግን ኃይለኛ ነው፤ ለአንቺ ክፍል አይሆንም።

በእጅ ከሚሠሩት በአንዱ ዋጋ ከነዚህ አሥር ያህል ይገዛል። ሁለት የተለያዩ ገዝቶ ማወዳደር ከአንድ ውድ ይልቅ ጆሮ ያስተምራል።

ሱቅ ውስጥ የመሞከር ዕድል ካገኘሽ የፈጠነ ዜማ አትጫወቺ፣ ምንም አይነግርሽም። ታችኛውን ዲ አቆይተሽ ንፊ። ከዚያ ቀስ በቀስ ግፊቱን ጨምሪ፤ ከመዝለሉ በፊት የሚያስኬድ ቦታ ካለው መልካም ነው። ላይኛውን ኤ እና ቢ በምላስሽ ቱ እያልሽ ለየብቻ ጀምሪ፣ መጀመሪያቸው ላይ ካልተንጫጩ ጥሩ ነው። በመጨረሻ ሲ ናቹራልን (ከሲ ሻርፕ በግማሽ ቶን ዝቅ ያለውን ሲ) ሞክሪ፤ የመጀመሪያው ቀዳዳ ክፍት፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዝግ፣ የቀሩት ሦስቱ ክፍት። አንዳንዱ ዊስል ላይ ይህ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ አራተኛውን ወይም አምስተኛውን ቀዳዳ በተጨማሪ መዝጋት ያወርደዋል።

ለስላሳ ድምፅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅማችሁኛል። ስኮቹ ላይ ታችኛው ዲ ጥርት አለ፤ አጥፊው የቀለበት ጣቴ ነው። ጭራዋም ስንጥቁ ውስጥ በግራ በኩል ተገኝታ ተነስታለች። ብሉ ታኩ ከገባ በኋላ ጩኸቱ ግማሽ ያህል ሄደ።

አሁን ግን ቲውነሩ (የድምፅ ልክ መለኪያው) ላይ ታችኛው ዲ ልክ ሲሆን ቢ እና ሲ ሻርፕ ወደ ላይ ሄደዋል። ምን አበላሸሁ? ላይኛውን ቢ በለስላሳ ለመንፋትስ ሌላ ዘዴ አለ?

የትንፋሽ ልክ፦

ምንም አላበላሸሽም። ጉድጓዱን ስትሞዪ ራሱ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ቀነሰ፤ ባዶው ሲቀንስ ቱቦው ያጠረ ያህል ይሆናል፣ ድምፁም ይወጣል። አጭር ድምፆች ላይ ደግሞ ይብሳል። አሁን ራሱ ስለለቀቀ ትንሽ ሳብ አድርጊው።

መጠኑን በቁጥር ልንገርሽ። የታችኛው ዲ 587 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የአየሩ ግማሽ ሞገድ 29 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ራሱን 1 ሚሊ ሜትር ስትስቢው ዲ በ6 ሴንት ያህል ይወርዳል (ሴንት የግማሽ ቶን መቶኛ ነው)። ሲ ሻርፕ ግን ግማሽ ሞገዱ 15 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ያው 1 ሚሊ ሜትር በ11 ሴንት ያወርደዋል። ስለዚህ መሳብ ሲ ሻርፕንና ቢን ከዲ በልጦ ያወርዳል፤ አንቺ የምትፈልጊውም ይህንኑ ነው። በግማሽ ሚሊ ሜትር ጀምሪ። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አትሂጂ፤ ከዚያ በኋላ ላይኞቹ ጭራሹን ይወርዱና ስኬሉ ይጣመማል።

ቲውነር ከማየትሽ በፊት ዊስሉን አሙቂው። የአየሩ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ድምፁ በ3 ሴንት ያህል ይወጣል። ቀዝቃዛ ዊስል ላይ ተቃኝተሽ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከፍ ብሎ ብታገኚው ዊስሉ ልክ ነው፣ የተቸኮለው መለኪያው ነው። የመጀመሪያውን ልኬት በጂ አድርጊ፤ መሃል ላይ ስለሆነ ከጫፎቹ ይልቅ ያስተማምናል። ዓይንሽን ከመርፌው አንስተሽ ድምፁን አረጋጊና ከዚያ ተመልከቺ፤ መርፌውን እያዩ መንፋት ትንፋሹን ያስዋሻል።

አሁን ወደ ቢ። ትንፋሽሽን ስትቀንሺ ተሰብሮ የሚወድቀው ከመጀመሪያውም በፍርሃት ስለምትጀምሪው ነው። ይህን ሞክሪ፦ ጂ ይዘሽ ከታችኛው ጀምሪ፣ ወደ ላይኛው እስኪዘል ድረስ በጣም በዝግታ ግፊቱን ጨምሪ። ሲዘል አታቁሚ፤ አሁን በዚያው ዝግታ ቀንሺ። ወዲያው አይወድቅም። የሚወድቅበት ግፊት ከዘለለበት ግፊት ያነሰ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ላይኛው ድምፅ እጅግ የሚለሰልስበት ነው። ድምፁን በቂ ግፊት ሰጥቶ መጀመርና ወዲያው ወደዚያ ቦታ ማረፍ፣ ይኸው ነው ጣፋጭ ላይኛ ኦክታቭ የሚባለው። በጂ ሲለመድ በኤ፣ ከዚያ በቢ። ጉንጭን ሳይሆን ሆድን ማሠራት ያስፈልጋል፤ ጉንጭ የተነፋ ዊስል ግፊቱ ይዋዥቃል።

ላይኛውን ዲ ስትነፊ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ክፈቺ፣ አምስቱን ዝጊ። ሁሉን ዘግቶ ከመግፋት ይልቅ የጠራና የማይሰበር ይሆናል።

ጋሽ ቆርቆሮ፦

ስድስት ቀዳዳ ስለ ክላርክ ኦሪጅናል ትንፋሽ ይበላል ያለው እውነት ነው፤ ግን ይታረማል፤ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የስንጥቁ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ይታጠፋል። አፍ የሚነካው ጫፍ ላይ ጣሪያውን በአውራ ጣት በጣም በትንሹ ጫን ስትዪው ስንጥቁ ይጠብባል፤ ሲጠብብ ትንፋሽ ይቆጥባል፣ የአየሩ ሹክሹክታም ይቀንሳል። አንዴ ጫን፣ አንዴ ንፊ፤ እንደዚያ እየተመላለሱ ነው። ከመጠን በላይ ካጠበብሽው ታችኛው ኦክታቭ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ቀጭን ጠፍጣፋ ብረት አስገብተሽ መልሰሽ ቀና ማድረግ ይቻላል፣ ግን ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ከሦስት አራት ጊዜ በላይ አትመላለሺ።

ውታፉ እንጨት ስለሆነ ክላርክን ውኃ ውስጥ አትንከሪ። እንጨቱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ ከቆርቆሮው ጋር የነበረውም ግጥሚያ ይላላል።

ስለ እርጥበትም ልጨምር፤ ማንም አላነሳውም። ዊስል ከተነፋ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ድምፁ ቢታፈን የምራቅ ሳይሆን የእንፋሎት ጉዳይ ነው። የሞቀ ትንፋሽ ቀዝቃዛው ስንጥቅ ላይ ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታው ስንጥቁን ይዘጋል። መስኮቱን በጣትሽ ዘግተሽ አንዴ በኃይል ንፊ፣ ይጠረጋል። ሳትዘጊ ከነፋሽ ሰፈሩን ሁሉ በፉጨት ታስደነግጫለሽ። ከመጀመርሽ በፊት ራሱን በመዳፍሽ ይዘሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ ማሞቅ ጠብታውን አስቀድሞ ይቀንሰዋል።

ለፕላስቲክ ራስ ሌላ ዘዴ አለ። አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥቂት ውኃ በጥብጠሽ በስንጥቁ ውስጥ አሳልፊ፣ ሳታጥቢው ይድረቅ። ሳሙናው እንፋሎቱ ተሰብስቦ ጠብታ ከመሆን ይልቅ ስስ ሽፋን ሆኖ እንዲፈስ ያደርገዋል። ስንጥቁን ስትጠርጊ ስቴኪኒም መርፌም አታስገቢ፤ ወፈር ካለ ወረቀት የተቆረጠ ቀጭን ክር ይበቃል።

ባለ ዝግታ፦

ጩኸቱ ግማሽ ያህል ሄደ ብለሽ ለነበረው፣ ለቀረው ግማሽ አንድ ነገር አለ። መስኮቱን ከግራና ከቀኝ አጥብቢው። ከስኮች ሁለት ቀጫጭን ቁራጮች ቆርጠሽ፣ አንዱን በግራ ሌላውን በቀኝ በኩል፣ እያንዳንዳቸው መስኮቱን በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል እንዲሸፍኑ አድርገሽ ለጥፊ። የስለቱን መሃል አትንኪ፤ ርቀቱንም አታሳጥሪ፤ ወርዱን ብቻ ነው የምትቀንሺው። ስለቱ ላይ የሚሰነጠቀው ትንፋሽ ስለሚቀንስ ድምፁ በጠቅላላው ዝቅ ይላል፤ ኤ እና ቢም ጆሮ አይበሱም። ድምፁ በጥቂት ሴንት ሊወርድ ስለሚችል ራሱን መልሰሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ግፊው። ካልወደድሽው ስኮቹን ታነሺዋለሽ፣ ዊስሉ ምንም አልተነካም። እንግዲህ ከማይመለስ ምላጭ ሥራ በፊት ሁልጊዜ የሚመለሰውን ሞክሪ።

ሌላ መግዛቱ ካልቀረ ደግሞ ዲን ብቻ አታስቢ። ከላይ የተጠየቀው ለስላሳ ድምፅ ነው፤ ዲ ግን በባሕርዩ ከፍ ያለ ነው፣ ላይኛው ቢው 1976 ኸርዝ ገደማ ይደርሳል። ሲ አንድ ሙሉ ቶን ይወርዳል፤ ቢ ፍላት ደግሞ ሁለት ቶን። ጀነሬሽን በቢ ፍላትም ይሠራል፣ ከዲው ብዙም ሳይወደድ። አጣጣሉ አንድ ነው፤ ጣትሽ የለመደው ሁሉ እንዳለ ይሄዳል፣ የሚወጣው ኪ (ቅኝት) ብቻ ይቀየራል። ቀዳዳዎቹ ትንሽ ይራራቃሉ፤ ለቀለበት ጣትሽ አሁን አስቸጋሪ ሊሆን ስለሚችል ዲው ላይ ያ ጣት እስኪዘጋ ድረስ ቆዪ። ከሌላ ሰው ጋር አብረሽ የምትጫወቺ ከሆነ ግን ዲው ያስፈልግሻል፤ የዊስል ዜማዎች በብዛት በዲ እና በጂ ስለሆኑ ሁለቱም በዲ ዊስል ላይ ይገኛሉ፣ ለጂ የሚያስፈልገው ያ ሲ ናቹራል ብቻ ነው።

ሎው ዊስል የሚባለውን፣ ከዲ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለውን 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን፣ ለጊዜው ተዪው። ድምፁ ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፣ ቀዳዳዎቹም በጣት ጫፍ አካባቢ አይዘጉም፤ የጣቱ መካከለኛ አጥንት ላይ ባለው ሥጋ መዝጋት ይጠይቃሉ።

ለስላሳ ድምፅ፦

ስኮቹን ከግራና ከቀኝ ለጠፍኩት፤ ራሱንም አንድ ሚሊ ሜትር ሳብኩት። ቢ እና ሲ ሻርፕ ወደ ልካቸው ወርደዋል። ላይኛው ቢ ከጂ ጋር እየተመላለስኩ ሳደርገው ሳይሰበር ይቆማል። ቀለበት ጣቴ ገና ነው፤ ክቡ በቀኝ በኩል አሁንም ይጎድላል። እርሱ እስኪሞላ በዚሁ እቆያለሁ፤ ከዚያ ቀጥሎ ስዊቶን ወይም ቢ ፍላት።

ናስና ፕላስቲክ፦

ክቡ በቀኝ በኩል የሚጎድል ከሆነ ጣትሽ ሳይሆን ራሱ ነው መዞር ያለበት። አሁን ሙጫ የለውም፤ ቱቦውን ይዘሽ ራሱን ከቀዳዳዎቹ መስመር በጥቂት ዲግሪ አዙሪው። መስኮቱና ቀዳዳዎቹ የግድ በአንድ መስመር ይሁኑ የሚል ነገር የለም፤ ለድምፁ ለውጥ የለውም። የታችኛው እጅሽ አንጓ ቀና ብሎ የቀለበት ጣቱ ሳይንጠራራ የሚደርስበትን አቅጣጫ ስታገኚ በእርሳስ ቱቦውና ራሱ ላይ አንድ መስመር አስምሪ፤ ሁልጊዜ ስትገጥሚ እዚያ ትመልሺዋለሽ።